የአባቴ የፊት ነርቭ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የአባቴ የግራ ጆሮ ግን ባዳ ብቻ አልነበረም፤ ደመኛ ነበር። ዓመት ከዓመት ይመግላል። ቆቦ ውስጥ ያልመከረን ሰው የለም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ወትፍበት ይላል፤ አንዷ ጤና አዳም። አባቴ ሁሉንም ሞከረ። አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ወጥ ወጥ ይሸት ነበር።

በኋላ ራሱን ያዞረው ጀመር። ማሽላው መሀል ሲንገዳገድ እናቴ አየችና በነጋታው ደሴ ወሰድነው።

ሐኪሙ ደግ ልጅ ነው፤ ሥዕል አውጥቶ አስረዳን። ከጆሮ ወደ ውስጥ ያለው አጥንት ከራስ ቅል ሁሉ ጠንካራው ነው አለ። በውስጡ ቀንድ አውጣ የመሰለ መስሚያ አለ። አጠገቡ ሚዛን የሚጠብቁ ቀለበቶች። ከላይ ስስ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንጎል። በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተሹለክልኮ ያልፋል። የቆቦ ገበያ እንኳ እንዲህ አይጨናነቅም። መግሉ አጥንቱን እየበላው ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው፤ ነርቩ ከተነካ ግን ፊቱ ይጣመማል አለን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እውነቴን ነው፣ ፈራን።

ቀዶ ሕክምናው አለቀ። አባቴ ሲነቃ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ «እስኪ ፈገግ ይበሉ አባቴ» አለው።

«ምን ተገኘና?» አለ አባቴ።

የራያ ገበሬ ያለ ምክንያት ጥርሱን ያሳያል እንዴ? ሐኪሙ ለመነው፤ እኛም ለመንነው። ፊቱ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ጨነቀውና በፊት ሲስቁ አፋቸው እንዴት ነበር ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«እንጃ፤ አላጋጠመኝም» አለች። ከዚያ ወደ ደህናው ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ሮቢት ያለው የወንድምህ ማሽላ ዘንድሮ ካንተ ይበልጣል አሉ» አለችው።

ግንባሩ ተቋጠረ። ሁለቱም ቅንድቦቹ እኩል ወረዱ፤ ሁለቱም የአፍንጫው ቀዳዳዎች ተነፉ። ማን ነው ያለው ብሎ ሊነሳ ሲል ሐኪሙ በእፎይታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ያንን የተቋጠረ ግንባር እየሳመች አለቀሰች።

ፈገግታ የጤና ምልክት ነው የሚሉ ሰዎች እኛ ቤት አልገቡም። ዛሬም አባቴ በተቆጣ ቁጥር እናቴ «ተመስገን» ትላለች። ይኼኔ እሱም ሳያስበው ፈገግ ማለት ጀምሯል። ፈገግታው ታዲያ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከቀዶ ሕክምናው ይሁን ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣ፣ እንግዲህ ማን ይመስክር?