ካሺናት ካካ የማይነዱት አውቶቡስ

በዓለም ላይ ምስጋና የማይቀበል ሰውን ያህል የሚያደክም ፍጡር የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ዕቃችሁን ተሸክሞ ቤታችሁ ድረስ ያደርስላችሁና «አመሰግናለሁ» ስትሉት፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «እኔ ምን አደረግኩ? እሱ ነው እንጂ» ይላችኋል። ምግቡ ጣፈጠ ብትሉት እሱ ነው። ልጁ ፈተና ቢያልፍም እሱ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ብዙ የኖረ ቀስ በቀስ ማመስገን ይተዋል።

የእኛው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ የእኛው ሹፌር ነበርና።

ክቡር ካሺናት ካካ ከቦር ከተማ ተነስቶ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሺርጋኦን የሚወጣውን የጠዋት አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ይነዱ ነበር የምለው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በዚህ አይስማሙም። ካካ በእኛ በሕንድ አጎት ማለት ነው፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የምንጠራቸው እንደዚያ ነው። አንገታቸው ላይ የእንጨት መቁጠሪያ፣ ከመሪው በላይ ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጡብ ላይ የቆመው የአምላካቸው የቪቶባ ምስል አለ። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት መሪውን በሁለት እጃቸው፣ ቀጥለው ግንባራቸውን ይነኩና፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው «እኔ አይደለሁም የምነዳው፤ እሱ ነው» ይላሉ።

በአንድ ወገን ዐለት፣ በሌላው ወገን ገደል ያለበትን መንገድ ሊጀምር ለተቀመጠ ሰው ይህ ምን ዓይነት ማጽናኛ እንደሆነ አስቡት። እኔ ሺርጋኦን መምህርት ስለነበርኩ በየጠዋቱ ሰምቼዋለሁ። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ጆንያውን ይዞ ወረደ። «ሰው የሚነዳው መቼ ነው የሚነሳው?» ብሎ ጠየቀ።

ትኬት ቆራጩ ዳሽራት ምላሱ አያርፍም። «ካካ፣ ቪቶባ እኮ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነው የቆመው» አላቸው አንድ ቀን። «መሪውን በምን ይዞት ነው?»

«ታዲያ የእኔን እጅ የተዋሰው ለምን ይመስልሃል?» አሉ ካካ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያላቸው ጊዜ አውቶቡሱን ከዐለቱ ጋር እያሻሹ አቆሙት። ሴቶቹ እያለቀሱ እጃቸውን ሊስሙ ተሻሙ። ካካ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁና «ተዉት፣ የተውሶ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ማንጁላ ይህን ስትሰማ አልተደነቀችም። «ቤት ውስጥ ውሃ ቅዱልኝ ስላቸው ግን ቪቶባ እጅ አይዋስም» አለችኝ።

ብቻ አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። መንገድ የዘጋባቸውን የጭነት መኪና ሹፌር እናቱን ጠርተው ሲሰድቡት፣ ዳሽራት «ይሄንንስ የተሳደበው ማነው?» አላቸው። ጆሯቸው ቀላ። «ይሄ የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ጡረታቸው ሲቃረብ፣ ሰው ሳይጎዱ ሲነዱ መኖራቸውን አስበው የአውቶቡስ ጣቢያው ሰዎች ሊሸልሟቸው ወሰኑ። እንደ ወጉ ሻል ሊያለብሷቸው፣ ኮኮናት ሊሰጧቸው፣ ንግግር ሊያደርጉ። ካካ «ሻሉን ለቪቶባ አልብሱት» ብለው አስቸገሩ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። ማንጁላ አዲስ ነጭ ሸሚዝ አሰፋችላቸው።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ጉም ወርዶ ነበር። ካካ የተለመደውን ተናገሩና ተነሳን። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ዶንዲባ የሚባል የሳር እስር የተሸከመ ሽማግሌ መሀል መንገድ ላይ ነበር። የግጭቱን ድምፅ ሰማነው። ካካ ወርደው በገዛ እጃቸው አንስተው አስገቡት፤ አውቶቡሱን አዙረው ወደ ሆስፒታል ቁልቁል ነዱ። ሽማግሌው ግን ሳንደርስ ዳሽራት ጭን ላይ ሞተ። ነጩ ሸሚዝ ያን ዕለት ምን እንደሚመስል አልናገርም።

ምርመራ ተደረገ። ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ፍሬኑ ደህና፣ ክላክሱም ተነፍቷል። ጥፋት የለብዎትም፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ ተባሉ። አልተመለሱም።

እኔና ዳሽራት ቤታቸው ሄድን። በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያው አንገታቸው ላይ የለም። ማንጁላ በሹክሹክታ «ለቪቶባ መብራት አያበሩለትም፣ ስሙንም አይጠሩትም» አለችን።

ዳሽራት ሊያጽናና ፈልጎ ነው። «ካካ፣ ራስዎን አይጉዱ። የሚነዳው እኮ እርስዎ አልነበሩም፤ እሱ ነው» አላቸው።

«የዚያን ቀን እኔ ነበርኩ» አሉ።

«እንዴት?»

«ሌላ ጊዜ እጄን ከሰጠሁት በኋላ ሐሳብ የለኝም። መንገዱን ብቻ ነው የማየው። የዚያን ጠዋት አፌ እንደለመደው ተናገረ እንጂ፣ እኔ ሻሉ ጋ ነበርኩ። ማን ማን እንደሚመጣ አስባለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «‹እኔ ምን አደረግኩ› የምለውን በምን ዓይነት ድምፅ እንደምለው እየተለማመድኩ ነበር፣ ቲቸር። ሽማግሌውን አየሁት፤ ግን ዘግይቼ ነው ያየሁት።»



ምትክ ሹፌር ጠፋና የጠዋቱ አውቶቡስ ቀረ። እኔ በጂፕ እየተንጠለጠልኩ እወጣለሁ፤ የተራራው ሰው በእግሩ ይወርዳል። ዝናቡ አለፈ። አልፎ አልፎ ካካ ጋ እየሄድኩ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ አንዲት አሮጊት የጊሽጣ ቅርጫት ከራሷ አውርዳ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። የዶንዲባ ሚስት ሂራባይ ነበረች።

ካካ ተነስተው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ እግሯን ሰበሰበች።

«ሹፌሩ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልክ ነው አሉ። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።» በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ዶንዲባ አንድ ጆሮው አይሰማም። ዕድሜውን ሙሉ መሀል መንገድ ነው የሄደው፤ ተናግሬ ተናግሬ ደክሞኛል። ጥፋት አለብኝ ካልክ ይኑርብህ፣ እኔ አልወስድልህም። ግን እስቲ ንገረኝ፤ እዚህ ተጎልተህ የምታለቅሰው ለእሱ ነው ለራስህ?»

ካካ ቅርጫቱን አዩ።

«ለእሱ የማለቅስ እኔ አለሁ። እያለቀስኩም ጊሽጣ በእግሬ አወርዳለሁ፣ አውቶቡስ የለማ። ባሌን ወሰድክ፤ ደግሞ አውቶቡሴንም ወሰድክ።»

ማንጁላ ውሃ ሰጠቻት። ጠጣች፤ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ብትላቸው ምንኛ በወደድኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ካካ ጣቢያው መጡ። መሪውን ነኩ፣ ግንባራቸውን ነኩ። ሁላችንም ጠበቅን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ ውስጥ ሳቅ የለም። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ከእግረኛ ባነሰ ፍጥነት ነው የምናልፈው። የሻሉን ነገር ማንም አላነሳውም። ሂራባይ ስትሳፈር ካካ ራሳቸው ወርደው ቅርጫቷን ይጭናሉ፤ እሷም ትተውላቸዋለች። ቃል ግን አይለዋወጡም።

አንድ ቀን ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ አሁን በልባቸው ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው።

«እንጃ ቲቸር» አሉኝ። «ድሮ ለእሱ የምሰጠው መልካም መልካሙን ነበር። አሁን ይሄንንም ይዤ እመጣለሁ። ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም። ግን ሌላ የምሰጠው የለኝም።»

እኔ እንኳን ከዚያ በኋላ ወደ ቦር ተዛወርኩ፤ አዲሱ ትምህርት ቤቴ ከቤቴ ጀርባ ነው። ባለፈው እሑድ ጠዋት ጣቢያው ሄጄ ተሳፈርኩ። ካካ በመስታወቱ አዩኝ።

«ተዛውረሽ የለ? ደግሞም እሑድ ነው። የት ልትሄጂ ነው?»

«ሺርጋኦን ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ሺርጋኦን ምን አለሽ?»

«ምንም።»

ካካ ቁልፉን አዞሩ።

«በመስኮቱ በኩል ተቀመጪ» አሉኝ፤ «ዛሬ ሸለቆው ጥርት ብሎ ይታያል።»