ወካይዋ በሕይወት አሉ?

ውክልና ሲሰጠው ደስ የሚለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልምከረው፤ ደስ አይበለው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የኖሩት አባቶቻችን ውጭ አገር ተቀምጦ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሚያከራይ ዘመድ አልነበራቸውም። ቤቱ የእናንተ አይደለም፤ ኪራዩም የእናንተ አይደለም። ሩጫው ግን የእናንተ ነው። ውል መጻፍ፣ ውሉን ወስዶ ማስመዝገብ፣ በባለቤቲቱ ስም የግብር ከፋይ ቁጥር ማውጣት፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር ጭቃ እያቦኩ ሄዶ የዓመቱን ኪራይ ማስታወቅ። «ባለቤቲቱ እኮ እዚህ የለችም» ብትሉ ሰሚ የላችሁም። ሕጉ ቤቱን እንጂ ባለቤቱ የሄደበትን አገር አይጠይቅም።

እኔን ወኪል ያደረገችኝ የአክስቴ ልጅ ማስተዋል ናት። ቤይሩት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ እዚህ የራሷን ባለ ሦስት ክፍል ሠራች። «ለዕረፍት ስመጣ የማርፍበት» ትለው ነበር። አንድ ጊዜ መጥታ ዐሥራ ሁለት ቀን አርፋበታለች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተከራይቶ እናቷ ይጦሩበታል። ወኪልነቱን ለእኔ የሰጠችኝ ሥነ ዜጋ ስለማስተምር ይመስለኛል፤ ግዴታን የሚያስተምር ሰው ግዴታን ይወዳል ብላ ይሆናል። የዋህ ነበረች።

እናቷ እቴቴ ዝማም ሮብ ገበያ በሚባል ገጠር የተወለዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። እዚያ ደግሞ የግብር ደረሰኝ ማለት መሬቱ ራሱ ማለት ነው፤ ጠብ ሲነሣ እሱን የያዘ ይረታል። እቴቴም የማስተዋልን ደረሰኞች ከአባታቸው የመሬት ደረሰኞች ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያኖራሉ። ሌላው ሰው እንግዳ ሲመጣ የልጁን ፎቶግራፍ ያሳያል፣ እሳቸው የልጃቸውን ደረሰኝ። ስለዚህ ግብር ቢሮ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ማስተዋል ሞተች። ታማ ሆስፒታል በገባች በአራተኛው ቀን ነው። ከቤይሩት የተደወለው ለእኔ ነበር። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይጠራሉ፣ ከዚያ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይነገረዋል። የእቴቴ ታላቅ ወንድም ከሮብ ገበያ እስኪመጡ፣ መንገዱም በዝናብ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ሽማግሌዎቹ እሑድን ቆረጡ። «እስከዚያ እናቷ እንዳትነቃ» አሉኝ። ለእቴቴ የልጃቸው ስልክ ተበላሽቷል አልናቸው።

ሐሙስ ጠዋት በሬን ስከፍት ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ አይደል የማስተዋል ግብር?»

«ዝናቡን አይተውታል እቴቴ? እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ደረሰኙን አመጣልዎታለሁ።»

«ደረሰኙንማ በእጄ ነው የምቀበል። ልጄ ስትደውል ምን ልበላት?»

ሄድን።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ እንደሚሞት አውቃለሁ። ግን ያን ሰሞን የማስበው እሑድን ብቻ ነበርና ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። ወረቀቶቹን በመስኮቱ ሳቀብል ትዝ አላለኝም። ሠራተኛዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ነበረች። አገላብጣ አየቻቸውና አንድ ቅጽ ሳበች።

«ባለቤቶቻቸው ውጭ ለሚኖሩ ቤቶች ዘንድሮ ወኪሉ የሚፈርምበት ነው። ውክልናው አልተሻረም?»

«አልተሻረም።»

«ወካይዋ በሕይወት አሉ?»

አለች ብል በመንግሥት ወረቀት ላይ ሐሰት ልፈርም ነው። የለችም ብል አንዲት እናት የልጇን መርዶ ከማታውቃቸው ሰዎች መካከል፣ ሰልፍ ላይ ቆማ ልትሰማ ነው። እቴቴ ግን ሳቁ።

«ምን ያለ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ! አለች እንጂ፤ ባትኖር ማን ይገብር ነበር?»

ሠራተኛዋ እሳቸውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ቀና ማለት አቃተኝ። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሲስተም የለም» አለች።

ይህችን ቃል በዚህች አገር ስንቴ ረግሜያታለሁ! አጠገቧ ያለው ጓደኛዋ ደረሰኝ በደረሰኝ ላይ እያተመ ነበር። ያን ቀን ግን ተንበርክኬ እግሯን ብስም ደስ ባለኝ። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። ከመስኮቱ ኋላ ወጥታ መጣችና እቴቴን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸው። «ቀኑ ቢያልፍም አያስቡ እማማ፤ የቅጣቱን ነገር እኔ አለሁበት። አይዞዎት» አለቻቸው። እጃቸውን ይዛ ትንሽ ቆየች።

ዝናቡ እየወረደ እቴቴ ጃንጥላቸውን አልዘረጉም። ብዙ ከሄድን በኋላ ቆሙ።

«አባቴን ተከትዬ ግብር ቤት መሄድ የጀመርሁ በልጅነቴ ነው» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ተነሥቶ እጄን የያዘ፣ አይዞሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«መቼ ልትነግሩኝ ነው ያሰባችሁ?»

«እሑድ» አልኩ።

እዚያው አጥር ተደግፈው ቆዩ። እንባቸው ይሁን ዝናቡ አልለየሁትም። እኔ ግን አለቀስኩ። ቆይተው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው እስከ እሑድ አልሰማሁም» አሉ። «ወንድሜ በዚህ ጭቃ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ተቀድሞ ቢደርስ ይከፋዋል። ለማንም እንዳትናገር።»

እሑድ ማለዳ ወንድማቸው አፋቸውን ገና ሲከፍቱ እቴቴ ጮኹ፤ ሰፈሩ በሙሉ ከእንቅልፉ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ አጠገባቸው አስቀመጡኝና መረቁኝ።

«ተባረክ ልጄ፤ ደህና አድርገህ ያዝህላት። እሷስ ብትሆን ምንም ሳታውቅ ይህን ሁሉ ሌሊት በሰላም ተኝታ አደረች» አሉኝ።

አሜን አልኩ።