እጭ ፍለጋ በፈላና በር

ሰው ሥራውን ሲወድ ጎረቤት ይጠላዋል። የእኔ ሥራ የሰው በርሜል መክፈት ነው። ጀጎል ውስጥ፣ እኛ ፈላና በር ሰፈር፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ቤት የለም። በጭልፋ ቀድቼ የትንኝ እጭ እንዳለ አያለሁ። ካለ፣ ተቆጣጣሪ ነኝና፣ አስደፋለሁ። በሳምንት አንዴ የመጣ ውሃ የሚያስደፋ ሰው ምን ያህል እንደሚወደድ እናንተው ገምቱት።

እጭ መለየት ከባድ አይደለም። ከውሃው ገጽ ሥር ተጋድሞ ከተኛ የወባ ትንኝ ነው። ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ሌላ ዓይነት ነው። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በወባ ከሞተች ወዲህ የተጋደመውን ዓይኔ ቶሎ ይይዘዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከከተማው ውጭ ሶፊ ወዳለው ረግረግ ለናሙና ስሄድ፣ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ የአምስት ዓመት ልጄን ማርታን አስከተልኩ። ጭልፋዬ ውስጥ አንድ አስቀያሚ ነገር ገባ። ስድስት እግር፣ ትልልቅ ዓይን፣ መልኩ ጭቃ። የውሃ ተርብ እጭ ነው። አድጎ ክንፍ ያወጣል። እስከዚያው ግን ከንፈሩን እንደ ክንድ እየወረወረ የትንኝ እጭ ይበላል። ይህን ለልጄ ማስረዳት አልነበረብኝም። በማርማላታ ብርጭቆ ይዛው ቤት ገባች።

እሑድ ምሳ ሲቀርብ፣ “እሱ ሳይበላ አልበላም” አለች።

ብዙ ቀን ሳይበላ መቆየት እንደሚችል ነገርኳት። እሷም እንደምትችል ነገረችኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ተለምና ነው የምትበላው። ትችላለች። እራትም ሳትበላ አደረች።

ሰኞ ጠዋት ጭልፋዬን ይዤ ወጣሁ። ብርጭቆዋን ታቅፋ ተከተለችኝ። እጭ ካላችሁ እባካችሁ ስጡኝ ብዬ በየቤቱ ለመንኩ። አንዱ ወላሂ የለንም አለ። ሌላዋ በገብርኤል ማለች። ጫት ሻጩ ወዳጄ፣ አቦ ዛሬ ደግሞ በዚህ ዘዴ መጣህ ብሎ ሳቀብኝ። ዓመት ሙሉ ሳስፈራራው የኖርኩት ሰፈር እንዴት ይመነኝ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ እማማ አስካለ ቤት ደረስን። የወታደር ሚስት የነበሩ፣ እኔን ሲያዩ በር የሚዘጉ አሮጊት ናቸው። እሳቸውም የለኝም አሉ። ከዚያ ልጄን አዩ። ምነው ገረጣች ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ወደ ጓሮ ወሰዱን። በጆንያ የተሸፈነ፣ ዓመት ሙሉ አይቼው የማላውቅ በርሜል ገለጡ።

“ይቺን ብታስደፋኝ እረግምሃለሁ” አሉ።

ቀዳሁ። እጮቹ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። ማርታ ጭልፋው ላይ ጎንበስ አለች።

“እማዬን የነከሰው ነው?”

“አይደለም። ዘመዱ ነው።”

“ይብላው” አለች።

በላው። እሷም እማማ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ በላች። ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

ደንቡ በርሜሉን ድፋ ይላል። እማማ ደግሞ፣ ነገስ ምን ሊበላ ነው አሉኝ። ደንቡም ልክ ነው፣ እማማም ልክ ናቸው። ውሃውን በጨርቅ አጥልዬ ለእሳቸው መለስኩ። እጮቹን በባልዲ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ለሦስት ሰው ተብሎ ሁለት አጎበር ተሰጥቶን ነበር። አሁን አንዱ ተርፏል። ባልዲው ላይ አሰርኩት።

እንግዲህ በሰፈራችን እጭ የሚገኝበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የተቆጣጣሪው። ትንኞቹም በአጎበር ነው የሚያድሩት።