ያልተነበበው መጋቢት

ሰው ሙቀትን በገዛ ቆዳው የሚያውቅ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ለካስ ከቆዳው ይልቅ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ያምናል። ሬዲዮኑ በየወሩ፣ ምድር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ይበልጥ ሞቃለች ሲል፣ እኛ ነቀምቴዎች መስኮት ከፈት አድርገን «ወይ ጉድ፣ ሰዎቹ አለቁ እኮ!» እንላለን፤ ምድር የምትባለው ከጎረቤታችን ከሲሬ ከተማ ወዲያ የምትጀምር ይመስል።

የዚያችን ምድር፣ ከነቀምቴ አጠገብ ያለችውን የዲጋ ወረዳን ድርሻ የምለካው እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጥግ አንዲት ነጭ ሣጥን አለች፤ ውስጧ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ተጋድሟል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነበባል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ሜርኩሪው ወደ ታች ተራግፎ ለነገ ይዘጋጃል። ቤቴ ግን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነበር፤ ሚኒባስ ደግሞ አሥራ ሁለትን አይጠብቅም። ስለዚህ አምና መጋቢትን ሙሉ የካቻምናውን መዝገብ ከፍቼ፣ እዚህ ትንሽ ጨምሬ እዚያ ትንሽ ቀንሼ፣ ገለበጥኩት። ጠዋት ስመጣ እንኳ መሣሪያው ትናንትን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ሳላየው አራገፍኩት።

ዓለም ስትሞቅ ዲጋ ባለችበት ቀረች።

በዚያው መጋቢት የመሥሪያ ቤታችን ጎረቤት የሆኑት የሽማግሌው ገበሬ የኦቦ ቶለራ ቡና፣ አበባው እንደተቆላ ሆኖ ረገፈ። ሙቀት ለጎዳቸው ቀበሌዎች የእርዳታ እህል ይሰጣል ተባለና ማስረጃው የኔ መዝገብ ሆነ። መዝገቡ ደግሞ «ከካቻምናው ልዩነት የለም» አለ። ኦቦ ቶለራ ከባለቤታቸው ጋር መጡ።

«አዴ ጽጌ፣ እንዲህ ነው የሚለው?»

«እንዲህ ነው የሚለው፣ ኦቦ።»

«እንግዲያ ቃጠሎው የኔ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ወደ ባለቤታቸውም ዞር አሉ። «ሰማሽ ጫልቱ? እርጅና ነው። በከንቱ ነው ፀሐይዋን የረገምናት።»

ገለቶማ ብለው አመሰገኑኝና ሄዱ። አመሰገኑኝ! ያን ክረምት የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው እህል ሸመቱ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም ሚኒባስም አልተስማማኝም። ዲጋ ቤት ተከራየሁ። የዘንድሮን መጋቢት አንዲት ማታ ሳላስታጉል አነበብኩ። የኦቦ ቶለራ አበባ ዘንድሮም ረግፏል፤ መዝገቡ ግን አሁን ለእሳቸው ይመሰክራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ለወረዳው ላክሁት።

በማግሥቱ ተደወለልኝ። ኦቦ ቶለራ ውጤቱን ሊሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እህቴ፣ ሙቀት በአንድ ዓመት እንዲህ አይዘልም» አለ የወረዳው ሰው። «መሣሪያሽ ተበላሽቷል። ከአምናው ጋር አስተያይተሽ አስተካክይው።»

«መሣሪያው ደኅና ነው» አልኩ። «የተበላሸችው አንባቢዋ ናት። አምና አላነበብኩም፤ ከካቻምናው ነው የገለበጥኩት።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ፣ ቀልድ ስትችዪ!»

ኦቦ ቶለራ አልሳቁም።