የእማማ የሺ ግብዣ

ብቻውን መብላት የሚያሳፍረው ሰው ሞልቷል። መድኃኒት ብቻውን መዋጥ የሚያሳፍረው ሰውስ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት የምትባል ከተማ በገባን ሰሞን ጎረቤቴ እማማ የሺ በታይፎይድ ታመው፣ ለሁለት ሳምንት የሚዋጥ እንክብል ታዘዘላቸው። የልጅ ልጃቸው ሠርግ ስለደረሰ ቶሎ መዳን ነበረባቸው። ትኩሳቱ በረድ ሲል ፈጣሪን አመሰገኑና ለጠያቂው ሁሉ እንክብሉን ማደል ጀመሩ።

«እማማ፣ ይህ እኮ ለእርስዎ የታዘዘ ነው» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ! ሰው እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? ጎንደር እንዲህ ነው ያሳደገሽ?»

እንዳይቀየሙኝ ብዬ እኔም ዋጥሁ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ!

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትኩሳቱ አገረሸባቸው። በሱዳን በኩል ቀድማን የመጣች ነርስ ኩፓት ሆሊም ከሚሉት የሰፈሩ ጤና ጣቢያ መጥታ «እንክብሉን ማን ጨረሰው?» ብትል፣ ቤት ሙሉ ጠያቂ በኩራት እጁን አወጣ። ነርሷ ራሷን ያዘች።

«መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል። ከሽንት ቤት መልስ እጁን ያልታጠበ በሽተኛ ደግሞ በምግብ ለሌላው ያስተላልፋል። ይህን አዲስ እንክብል ለማንም እንዳይሰጡ!»

«ታዲያ እንግዳዬን ምን ልጋብዘው?»

«ሳሙና!»

እማማ የሺ እንክብሉን እስከ መጨረሻው ዋጡ፤ እርግጥ ከሐፍረት የተነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። በሠርጉ ዕለት ድነው፣ አምረው፣ ጆግ ውሃና ሳሙና ይዘው አዳራሹ በር ላይ ቆሙ። ሙሽራው ሳይታጠብ ሊያልፍ ሲል ክንዱን ጨበጡት።

«ና ልጄ፣ ታጠብ! የኔ ግብዣ ከዚህ ይጀምራል።»