የጀዋሂር አሠራር

ድስት ታጋሽ ነው። ጥዳችሁት ጎረቤት ደርሳችሁ ብትመለሱ እንኳ ይጠብቃችኋል። መጥበሻ ግን ሰው ሲያልም አይወድም። እኔ ደግሞ ፈዝዤ ማለም ነፍሴ ነው። ታዲያ በምን እንስማማ?

አረብ አገር ሰባት ዓመት ኖሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ሐይቅ ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። እዚያ ሥራዬ ካውያ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ነጭ ጀለቢያ ተኮስኩ። ወጥ ቤቱ የአንዲት የህንድ ሴት ግዛት ነበር። ውሃ ለመጠጣት እንኳ በሯ ላይ ቆሜ እለምናታለሁ። እናቴ ግን በስልክ ምን ትበያለሽ፣ ማን ያበስልልሻል እያለች ስታለቅስ፣ እንዳትሰጋ ብዬ የቤቱ ምግብ ሠሪ እኔው ነኝ አልኳት። እሷም ይህን ይዛ ሰፈሩን አዳረሰችው። ስመለስ ዝናዬ ቀድሞኝ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ ማለት ይቻላል።

አንድ ረቡዕ ታዲያ እናቴ ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። አንዷ እማማ ብርቄ ናቸው፤ ቀኑ ጾም ስለሆነ ሥጋም ቅቤም አይነኩም። ሌላዋ እትየ ፋጡማ ናቸው። ልጃቸው ራህመት እንደኔው አረብ አገር ናት፤ እናቷ እንደሚሉት እሷም ምግብ ሠሪ ናት። እናቴ "አብሽሩ፣ ሰዓዳ የአረቦቹን ምግብ አሁን ፈጥና ታደርስላችኋለች" አለችና እነሱን ወደ መደብ፣ እኔን ወደ ጓዳ።

ጓዳ ያለው ሩዝ፣ ክክ ምስር፣ ሽንኩርት፣ አንድ ቆርቆሮ ሳልሳና በርበሬ ነው። ከዚህ ነው እንግዲህ አረብ አገር የሚወጣው!  የፈራሁት ለራሴ አልነበረም። እናቴ ሰባት ዓመት ቀና ብላ የሄደችው በኔ ውሸት ነው። ዛሬ እነዚህ ሴቶች ፊት አንገቷን ላስደፋት ነው።

ሽንኩርቱን መጥበሻ ላይ በዘይት አቁላላሁ፤ ሳልሳና በርበሬውን ጨመርኩ፤ ሩዝና ምስሩን ከነውሃው ደፋሁበትና ከደንኩት። እስከዚህ ግሩም ነበር። ከዚያ ከክዳኑ ሥር እንፋሎቱ ፍሽሽ አለ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ካውያዬ ነው። ዓይኔ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ሄደ። ጀንበሯ ውሃው ላይ አንድ ሰፊ ጨርቅ ዘርግታለች፤ ንፋሱ እያጨማደደው ያልፋል፤ እኔ ደግሞ በሐሳቤ ከዳር ጀምሬ እተኩሳለሁ። አንዱን ሳቃና ሌላው ይጨማደዳል። ጥድፊያ የለ፣ እመቤት የለች፣ እንዴት ደስ ይላል! እዚያ ሳለሁ ጨርቅ ስተኩስ የሚታየኝ ሐይቁ ነበር፤ አሁን ሐይቁን እያየሁ ጨርቅ እተኩሳለሁ። ሰው ለምንድን ነው ያለበት ቦታ የማይገኘው? ይህን ስመረምር ሽታው ቀሰቀሰኝ።

አሯል። ሥሩ ጥቁር ብሏል። ትሪ ከላዩ ደፋሁና መጥበሻውን ገለበጥኩት፤ ያረረው እላይ ወጥቶ ነገሠ። ይዤ ገባሁና፣ እዚያ የሚቀርበው እንዲህ ነው፣ ክብሩ ጥቁሩ ነው አልኳቸው። ቢስሚላህ ተባለ፤ እማማ ብርቄም አማተቡ። እትየ ፋጡማ እየቆረጠሙ "ማሻአላህ" አሉ፤ ስሙንም ጠየቁኝ። ስም! አፌ ላይ የመጣልኝ የእመቤቴ የመጨረሻ ልጅ ስም ነው፤ "ጀዋሂር" አልኳቸው። እናቴ ጀዋሂርን ከዱሮም እንደምታውቀው ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? እትየ ፋጡማ ግን ስልካቸውን አወጡ። "የኔዋም ታውቀው እንደሁ ልጠይቃት እስቲ" ብለው ለራህመት ደወሉላት፤ ድምፁንም ለሁላችን ከፈቱት።  እናቴን አየኋት፤ ፈገግ ብላ ምስክርነቱን ትጠብቃለች። እትየ ፋጡማም ልጃቸውን፣ ሰዓዳ ጀዋሂር የሚባል የአረብ ምግብ ሠርታ አበላችን፣ ታውቂዋለሽ ወይ አሏት። 

"ጀዋሂርን? ወላሂ በሳምንት ሁለቴ እኮ ነው የምሠራው!" አለች።

እናቶቻችን ተያይተው በኩራት ሳቁ። እኔም ትሪውን ይዤ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።

ሰሃን ሳጥብ ስልኬ ጮኸ፤ ራህመት ጽፋልኛለች። እዚያ የምትጦረው አንዲት አሮጊት እንጂ ወጥ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ለአረፋ አገር ቤት ትመጣለች፤ እናቷ እንደገባች ጀዋሂር ማሠራታቸው አይቀርም። በአላህ ይሁንብሽ፣ አሠራሩን ንገሪኝ ትለኛለች።

እጄን ጠርጌ መለስኩላት፤ "አብሽሪ፣ ብቻ በደንብ አሳርሪው።"