በሰባት ፊርማ የሚላክ ጥያቄ

ዕውቀት በኮምፒውተር መረብ ላይ ያለ ጠባቂ እንዳይንከራተት ቀን ከሌት የሚጨነቅ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዕድሜ ይስጠው። በየቤታቸው ሆነው ለሚማሩ ሠራተኞች የጥያቄ መላኪያ እንዲሠራ ፕሮግራመሩን አዘዘው። ምስኪኑም በሁለት ሳምንት ሠርቶ አመጣ። ተማሪ ይጽፋል፣ መምህር ይመልሳል፣ አለቀ።

ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። "ጥያቄ እንዲህ ዘው ብሎ መምህር ዘንድ ይገባል? ማን አየው? ማን ፈረመበት?"

"እንዲፈጥን ብዬ ነው ጌታዬ።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ከዚያ ወዲያ መላኪያው ወግ ማዕረግ አየ። ጥያቄው በወረቀት ይታተማል፤ ሰባት ሰው ይፈርምበታል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ በስካነር ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል። አድልዎ እንዳይኖርም በስም ፋንታ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል። የመጨረሻው ፊርማ የኃላፊው ነው፤ እሳቸው የወሰኑትን መላኪያው ወዲያው ይፈጽማል። ስለዚህ ፈጠራ ግማሽ ቀን ንግግር አደረጉ።

የፕሮግራመሩ ሚስት ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። ፈተናው ዓርብ ነው፤ ከወደቀች ዓመቱን መድገሟ ነው። ሰኞ ስለ ሠንጠረዥ ስሌት አንድ ጥያቄ ላከች። ረቡዕ ምሳ ላይ "መልሱ የታለ?" አለችው።

"ሁለተኛው ፊርማ ላይ ደርሷል።"

"መምህሩ እኮ ጎረቤታችን ነው።"

"ቢሆንስ? ሥርዓት አለ" አለ፤ ግን አፈረ። በገዛ እጁ የሠራው ነገር ሚስቱን ሊጥልበት ነው።

ሐሙስ ጥያቄዋን ራሱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተሸክሞ ኃላፊው ዘንድ አደረሰ። "ይቆይ፤ ይጠና" ብለው ገፉት። አጠገቡ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከተላከ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ጠያቂው ራሱ ሳይረሳው አልቀረም። እሱን ሲያነቡ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"'ያስቀመጥኩት ፋይል ጠፋብኝ፣ የት ልፈልገው?' ይላል። ይሄን የሚያህል ደንቆሮ እዚህ ቤት አለ?"

ፕሮግራመሩ ቁጥሩን አየ፤ አሥራ ሰባት። ላብ አጠመቀው። አሥራ ሰባትን የመዘገበው እሱ ነው፤ በር ተዘግቶ፣ "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" ተብሎ።

"ጌታዬ፣ ጠያቂው ትልቅ ሰው ቢሆንስ?"

"ቁጥር ምን ትልቅ ትንሽ አለው? አድልዎ አላውቅም።" ቁጥሩን እንኳ ሳያዩ "ከትምህርቱ ይሰናበት" ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት።

አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እያንጎራጎረች ልብስ ታሰጣለች።

"መልሱን አገኘሁ" አለችው።

"ማን ፈረመልሽ?"

"ማንም። በአጥር በኩል ጠየቅኩት፣ በአጥር በኩል መለሰልኝ።"

ዓርብ ኃላፊው ቢሯቸውን ከውስጥ ቆልፈው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የተመኙት ሹመት ያለዚህ ፈተና አይገኝም። ቁጥራቸውን አስገቡ። እንዲህ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፦ "ቁጥር አሥራ ሰባት፣ በኃላፊው ትእዛዝ ከትምህርቱ ተሰናብተዋል። ቅሬታ ካለዎት ስምዎን ሳይጠቅሱ፣ ሰባት ፊርማ አስፈርመው ለኃላፊው ያቅርቡ።"

ቅሬታቸውን በዚያው ዕለት ጽፈው ላኩ። በሦስት ወር ውስጥ እጃቸው ይገባል።